ነፋሱ የሃርሜን ቤት የወሰደ ዕለት

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ትሁኔ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ክረምት ሲቃረብ የሚነሳብሽ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? ወንድሜ ሠርፀ ያሠራልሽ መነጽር ተስማማሽ? ላሚቱ በሰላም ወለደች ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ወተቱን ለጎረቤት ስታድዪ ለራስሽም መቅመስ እንዳትረሺ። ቤቱ፣ ደጁ፣ ማኅበርተኞችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ልጅሽ ሸዋገነት፣ የልጅ ልጅሽ ሐሴት፣ አማችሽ ጋሮማም በሕይወት አለን። እጅና እግራችን ሙሉ ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁልሽ ቀጥሎ ያለውን ስትሰሚ ልብሽ እንዳይሸበር ብዬ ነው።

ሠርፀ፣ ይህን የምታነብላት አንተ ነህና በቀኝ ጆሮዋ በኩል ተቀመጥ፤ ቀስ እያልህ አንብብላት። የሚያስፈራው ቦታ ላይ ስትደርስ ዘልለህ ልታልፍ ብትሞክር ታውቅብሃለች፤ ሁሉንም አንብብ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም» ስትዪ፣ እኔም ከዚህ ስጮህ፣ የግቢያችን ተከራይ ሁሉ ሰምቶ አንቺ ብቻ ሳትሰሚ ቀረሽ። በኋላ ሠርፀ ስልኩን ተቀብሎ፣ በፌስቡክ የወጣውን የፈረሰ ቤት ፎቶ እንዳሳየሽ፣ አንቺም «ጓዟን ጠቅልላ ትምጣ፤ እሷ እምቢ ካለች ሠርፀ ሄዶ ልጅቷን ያምጣልኝ» እንዳልሽ ነገረኝ። ስለዚህ የሆነውን ከመነሻው እጽፍልሻለሁ፤ ሰምተሽ ስትጨርሺ የፈለግሽውን በይኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ አብሮኝ የሚያስተምር የደጀን ልጅ ነው። በቡሬ በኩል መምጣት ፈርቶ በአዲስ አበባ ስለሚዞር ጥቂት ሊዘገይ ይችላል።

የልደታ ማግስት ነበር፣ ቅዳሜ። ትምህርት ስለሌለ ሐሴትን ይዤ ከነቀምቴ ወደ ሲሬ ሄድሁ። ጋሮማ ጨለለቂ ሰፈር ባለው የብየዳ ቤቱ የሚያስረክበው የበር ሥራ ነበረበትና ቀረ። የሄድነው እናቱን አዴ ድርቤን ልንጠይቅ ነው። እኔ ሃርሜ እላቸዋለሁ፤ በዚህ አገር እናቴ እንደማለት ነው። ሐሴት ደግሞ አኮ፣ አያቴ፣ ትላቸዋለች። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከሲሬ ከተማ በባጃጅ ጥቂት ተሂዶ፣ ቀሪውን በእግር የሚደረስበት ሰፈር ነው፤ ማሳው ሰፊ፣ አጥሩ ሁሉ ማንጎና ቡና።

እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፣ እኔና ሃርሜ ተጣልተን አናውቅም፤ ተዋደንም አናውቅም ነበር። እሳቸው አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ነው፤ የእኔም ኦሮምኛ ከሰላምታ ብዙ አይርቅም። «አካም ጂርቱ?» እላለሁ፣ «ፈያ» ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሐሴት ናት በመካከላችን ቆማ የምታመላልሰው። ጋሮማ ከተማ ገብተው ከእኛ ጋር እንዲኖሩ በሄደ ቁጥር ይለምናቸዋል። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰማ ሆነው ስለ ዶሮዎቻቸው ይጠይቁታል።

የዚያን ቀን ሙቀቱ ሌላ ነበር። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ምሳ ከበላን በኋላ ጎረቤታቸው ኦቦ ጨመዳ ለሐሴት ማንጎ ይዘውላት መጡ። እኚህ ሰውዬ በጉብዝናቸው ወታደር ቤት ስለነበሩ አማርኛቸው ከእኔ አያንስም። ባዩኝ ቁጥር «የጎጃም ልጅ፣ ዛሬም አልሸሸሽም?» ብለው ነው የሚጀምሩ። ያን ዕለትም እንደዚያው አሉኝ፤ እኔም «በሬዎን ሳልሰርቅ የት እሄዳለሁ?» ብዬ አሳቅኋቸው። ማንጎውን በቢላቸው ልጠው ለልጄ ሰጧትና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ልጃቸው ኢቢሳ ሚስት አግብቶ ከእሳቸው ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ ነው የሚኖረው።

መጀመሪያ ድምፅ ነው የሰማሁት። ጭነት የበዛበት ሲኖትራክ ዳገት ሲወጣ እንደሚያቃስተው ያለ። ከአስፋልቱ የመጣ መስሎኝ ምንም አላልሁም። ሃርሜ ግን እጃቸው ከሚፈለፍሉት በቆሎ ላይ ቆመ። መኪና ቢሆን ያልፍ ነበር፤ ይሄ እየወፈረ መጣ። ወደ ደጅ ወጣሁ። ከጉብታው ባሻገር ከደመናው ሆድ እስከ መሬት የተዘረጋ ጥቁር ነገር አየሁ። ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ቀጭን ሆኖ ይሽከረከራል። በዙሪያው የሚበሩትን ወፎች ናቸው ብዬ ነበር። ቆርቆሮ ነበሩ፣ እማዬ።

በበጋ ማሳው ላይ አቧራ እያነሳ የሚዞረውን፣ ልጆች ሳለን እያማተብን የምንሸሸውን ነፋስ ታውቂው የለ? ስሙ አንድ ሆኖ፣ አውሎ ነፋስ ተብሎ፣ ይሄ ከዚያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ባህር ዛፉን ከነሥሩ እየነቀለ ወደ ላይ ሲወስደው ዓይኔ እያየ አላመንሁም። ያን ጊዜ ኦቦ ጨመዳ ከቤታቸው ወጥተው በአጥሩ ጥግ ሲሮጡ አየኋቸው። በሬዎቻቸው ማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ታስረው ነበር። «ኦቦ ጨመዳ፣ ይመለሱ!» ብዬ ጮኽሁ። እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ ግቢ፣ ግቢ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ዘወር ስል ሃርሜ የሐሴትን እጅ ይዘው ከቤት ሊያወጧት ይጎትቷታል። «ቡቤ! ቦላ! ቦላ!» ይላሉ። ቡቤ ነፋስ ነው፤ ቦላ ደግሞ ጉድጓድ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ያን ሰዓት ጉድጓድ ሲሉ የታየኝ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። አሮጊቷ በድንጋጤ አእምሯቸውን የሳቱ መሰለኝ። ሰው ከነፋስ ወደ ቤት ይሸሻል እንጂ ከቤት ወደ ነፋስ ይሸሻል? የልጄን ሌላኛዋን እጅ ያዝሁና ወደ ውስጥ ሳብሁ። እሳቸው ወደ ውጭ፣ እኔ ወደ ውስጥ። ሐሴት «እጄን! እማዬ፣ እጄን!» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ወጣት ነኝ፣ ጉልበት አለኝ፤ አስለቀቅኋቸው። በሩን ልዘጋ ስል ሃርሜ በደጃፉ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ወደ ጓሮው፣ አንድ ጊዜ ወደ እኛ አዩ። ብቻቸውን ወደ ጓሮው መሮጥ ይችሉ ነበር። ተመልሰው ገቡና ከእኔ ጋር በሩን ገፉ።

መቀርቀሪያውን አስገባሁ። አግዳሚውን ወንበር አስጠጋሁ። ከዚያ ቤቱ መናገር ጀመረ። የጣሪያው ምስማር ከእንጨቱ ሲነቀል አንድ በአንድ ይሰማል። ጆሮዬ ተደፈነ። ሐሴትን በሁለት እጄ አቅፌ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለሁ፣ መሬቱ ላይ ብርሃን ወደቀ፤ ቀና ስል ሰማይ ነው ያየሁት። ጣሪያው የለም። መሐል ላይ የቆመው ምሰሶ ከግርጌው ተቆረጠና ወደ ጎን ተጋደመ፤ ውስጡ እንደ ቡሽ የተበላ ነበር። ሃርሜ ያን ጊዜ አንገቴን ይዘው ፊቴን ወደ ጓሮ በር አዞሩት፤ በጣታቸው ጠቆሙኝ። ሃርሜ የሚሉት ጉድጓድ ከማድ ቤቱ አጠገብ፣ ለግድግዳ ምርጊት አፈር ያስቆፈሩበት ነው። ለካ ሲጎትቷት ወደዚያ ነበር።

በእጅና በጉልበታችን ዳኸን። ልጄን ከሆዴ ሥር አድርጌ ነው የሄድሁት። አፈርና ጠጠር ፊቴን ይገርፈዋል፤ ዓይን አይገለጥም። ጉድጓዱን ያገኘሁት እጄ ከፊቱ መሬት ሲያጣ ነው። ሐሴትን ወደ ውስጥ ለቀቅኋትና «ከዚህ እንዳትወጪ፣ ቁጭ በይ» ብዬ ዞር አልሁ። ሃርሜ ከኋላዬ የሉም። የጓሮው ግድግዳ ደጃፉ ላይ ጥሏቸው፣ ከወገባቸው በታች ጭቃውና እንጨቱ ተጭኗቸዋል።

እማዬ፣ እዚህ ላይ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር? እኔ አሰብሁ ብዬ አልዋሽሽም። ልጄን ጉድጓድ ውስጥ ብቻዋን ትቻት ተመለስሁ። ብብታቸውን ይዤ ሳብሁ፤ አልተነቃነቁም። «ሂጂ» አሉኝ በአማርኛ፤ «ልጅ ጋ ሂጂ።» አልሄድሁም። ግድግዳውን ለማንሳት ስታገል፣ ያ ድምፅ ከላያችን አልፎ ወደ ቆላው ወረደ፤ ወዲያው በረዶና ዝናብ ተለቀቀብን። ዘወር ብዬ ወደ ጉድጓዱ ሳይ ጉድጓድ የለም። የማድ ቤቱ ጣሪያ ከነማገሩ በላዩ ተከድኗል፣ በጣሪያው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ማንጎ ወድቋል።

ሮጬ ሄድሁ። ከሥር ድምፅዋ ይሰማኛል። «እማዬ፣ ውሃ እየገባ ነው» ትላለች። ያ ግቢ ተዳፋት ነው፤ የማሳው ጎርፍ ሁሉ ወደዚያ ጉድጓድ ይወርዳል። ቆርቆሮውን ያዝሁ፤ እጄን ቀደደኝ እንጂ አልተነሳም። ቅርንጫፉን ሳብሁ፤ ምንም። «ቁሚ፣ ሐሴት፣ ቁሚ! ግድግዳውን ይዘሽ ቁሚ!» እያልሁ የሰው ያለህ ብዬ ጮኽሁ። በየቱ ቋንቋ እንደጮኽሁ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰፈር አንድም ቤት ቆሞ አይታይም፤ በየአቅጣጫው ሰው ይጮሃል፤ ሁሉም የራሱን ነው የሚጠራ።

ኢቢሳ በፈረሰው አጥር ዘልሎ መጣ። ግንባሩ ደምቷል፤ ጫማ የለውም። ሚስቱን ከቤት አውጥቶ ካስቀመጠ በኋላ ወደ አባቱ እየሮጠ ነበር። «ባርሲስቱ፣ አባቴን አይተሻል?» አለኝ። መምህርት ሲል ነው እንዲያ የሚጠራኝ። የሚለኝ ገባኝ። መዋሸትም ታየኝ፤ አላየሁም ብዬ ብዋሽ ልጄን ያወጣልኛል፤ አየሁ ብል ጥሎኝ ይሄዳል። ምላሴ ግን አልታዘዘኝም። «ወደ በሬዎቹ ሲሮጡ አይቻቸዋለሁ፣ ወደ ዋርካው» አልሁት። ወደ ዋርካው አየ። ዋርካው በቦታው አልነበረም። ያን ጊዜ ሐሴት ከሥር «እማዬ!» አለች። ኢቢሳ ፊቱን መለሰና ጎንበስ ብሎ የማንጎውን ግንድ በትከሻው ያዘ።

እኔ ቅርንጫፉን፣ እሱ ግንዱን። አንድ ጊዜ አንሸራቶት ወደቀ፤ ተነሳ። «ኢሾ!» ይላል፣ ሥራ ላይ እንደሚባለው። ጣሪያው በአንድ ጎኑ ሲነሳ እኔ በክፍተቱ ክንዴን ከተትሁ፤ ፀጉርዋን ነው መጀመሪያ ያገኘሁት። ውሃው ደረቷ ደርሶ ነበር። አፈሩን በጥፍሯ ቧጥጣ ትንሽ መቆሚያ ሠርታ በእግር ጣቶቿ ቆማለች። ጎትቼ ሳወጣት የጮኸው ኢቢሳ ነው። ከዚያ አላረፈም፤ ወደ ሃርሜ ሄዶ ግድግዳውን እየፈለጠ አወጣቸው። እግራቸው ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ወደ ማሳው የሮጠው ከዚያ በኋላ ነው።

«አባ! አባ!» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። ሐሴትን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ የሃርሜን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ድምፁን እከተላለሁ። ድንገት መጣራቱን ተወ። ሃርሜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያ ዋቅ» አሉ፣ አምላኬ ማለታቸው ነው። ዋርካው በኦቦ ጨመዳና በአንዱ በሬያቸው ላይ ወድቆ ነበር። ሌላኛው በሬ ገመዱ ተፈትቶ፣ ማሳው መሐል ቆሞ ሣር ይነጫል።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርሽ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሄዷል፤ ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ ብዬ ማሰብ እንኳ አልፈልግም። የጸሎት ቤታቸው አግዳሚዎች በመስመር እንደተደረደሩ ቀርተው ከላይ ያለው ሁሉ የለም። ጎተራ ተገልብጦ እህሉ ከበረዶ ጋር ተቀላቅሏል። ከኦቦ ጨመዳ ሌላም ሰው አልፏል፤ ወደ ቆላው በኩል ያሉትን እኔ አላውቃቸውም። ሃርሜን ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሷቸው። ዛፍ ስለወደቀ መኪና አያልፍም፤ ኔትወርክም የለም። ጋሮማ ወሬውን በነቀምቴ መናኸሪያ ሰምቶ መኪናው እስከሄደለት ድረስ መጥቶ፣ ቀሪውን ሮጦ ነው የደረሰው። ሲሬ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ሲያገኘን ሦስታችንንም በዓይኑ ቆጠረና ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። አንቺ ይህን ልጅ ኩሩ ነው ትዪው ነበር፤ ያን ቀን ብታዪው ኖሮ ስታባብዪው ነበር የምትውዪ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር፤ ነፋስ ተነሳ። እዚህ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ያለው ቤታችን ጠንካራ ነው፣ ብሎኬት ነው፣ ምንም አይሆንም። ሐሴት ግን የቆርቆሮው ድምፅ ሲሰማት ጨዋታዋን ትታ ጫማዋን ታደርግና በሩ አጠገብ ትቆማለች። አታለቅስም፣ አትናገርም። ነፋሱ እስኪያልፍ አብሬያት እቆማለሁ። አሁንም ቆመን ነው የመጣን። ዝናብ ሆኖ ቀረ፤ ጫማዋን አውልቃ ወደ መጽሐፏ ተመልሳለች። ሌላ ሕመም የላትም፤ ትበላለች፣ ትማራለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትጣላለች።

ሃርሜ ነቀምቴ ሆስፒታል እግራቸው በጄሶ ታሥሮ ጥቂት ቀን ተኝተው፣ አሁን ከእኛ ጋር ናቸው። ሆስፒታል ሳሉ ጋሮማን ጠርተው ያልጠበቅነውን ነገሩት። ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው ካወቁ ሰንብተዋል። ግርጌውን በእበትና በጭቃ እየመረጉ ይሸፍኑት ነበር፤ ያ ሁሉ ምርጊት፣ ያ የአፈር ጉድጓድም ለዚያ ነው። «ብነግርህ ከተማ ትወስደኛለህ» አሉት። «አባትህ ያቆመውን ምሰሶ ትቼ በሰው ግቢ ልቀመጥ?» ጋሮማ ተቆጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቱ ላይ ጮኸ፤ «ልጄን ልትገድያት ነበር!» አላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ነኝ እጁን ይዤ ያወጣሁት። «እሳቸው ሊያወጧት ጎተቱ፣ ያስገባኋት እኔ ነኝ» አልሁት። እሱም እኔም ትክክል ነን፤ እሳቸውም። ይህን እስካሁን አልጨረስነውም። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ፣ ግን ብዙ አይነጋገሩም። እሳቸው እግሬ ሲድን እዚያው ቦታ ላይ ትሠራልኛለህ ይላሉ፤ እሱ አልሠራም ይላል።

የኦቦ ጨመዳ ቀብር በማግስቱ ነበር። እጄ በፋሻ ታስሮ፣ ሐሴትን ለጎረቤት ትቼ ሄድሁ። ለቅሶው ላይ ከኢቢሳ ጎን ተቀመጥሁ። ሰው ገለል ሲል ጠየቅሁት። «ቀድመህ ሄደህ ቢሆን ኖሮ ትደርስላቸው ነበር?» አልሁት። የጤና ባለሙያው ወዲያው ነው ያረፉት ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ግን ከእሱ አፍ መስማት ፈለግሁ። ኢቢሳ «ልጅቷ ተጣራች» አለኝ። «አባቴ ቢጣራ ኖሮ ወደ እሱ እሄድ ነበር፤ አልተጣራም።» ይህን ብሎ የመጣውን ለቀስተኛ ሊቀበል ተነሳ። አልወቀሰኝም፤ አጽናናኝም ማለት አልችልም። እሱ እንዳለው ብቻ ነው።

እንግዲህ እማዬ፣ መልሴ ይህ ነው። አልመጣም። ልጄንም አልሰድም። አልፈራሁም አልልሽም፤ ፈርቻለሁ፤ ደመና ሲጠቁር ሐሴትን ወደ እኔ እጠራለሁ። ስለ መንገዱም፣ ስለ ጊዜውም የምትፈሪውን እኔም እፈራዋለሁ። ግን አንድ ሰው የአባቱን ድምፅ እየጠበቀ የእኔን ልጅ ከውሃ አወጣ። ያ ሰው አሁን በላስቲክ ሥር ነው የሚያድረው፤ ሚስቱም እርጉዝ ናት። ጓዜን ጠቅልዬ በፊቱ ባልፍ፣ ደጀን ደርሼ በአንቺ ቤት ሰላም የማገኝ ይመስልሻል? አንቺስ እንዲህ አድርጊ ብለሽ አሳድገሽኛል?

የሰፈሩ ሰው ደቦ ጀምሯል፤ እነሱም ደቦ ነው የሚሉት። ጋሮማ መጋጠሚያ ብረትና በር እየሠራ ይወስዳል፤ እኔ ከመምህራኑ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የሚጎድለው አናጢ ነው። ሠርፀ፣ አሁን ለአንተ ነው የምናገረው። ልጄን ለመውሰድ አትምጣ፤ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው። ለሥራ ከሆነ ግን መጋዝህንና መዶሻህን ይዘህ ና። የኢቢሳ ቤት ቀድሞ ይቆማል፤ የሃርሜን ነገር እናትና ልጅ ሲስማሙ እናያለን። ምሰሶ የምታቆመው ግን ምስጥ በማይደፍረው እንጨት ነው፤ እዚህ ያለውን ምስጥ አታውቀውም።

የንስሐ አባታችንን ሰላም በይልኝ፤ በጸሎታቸው የኦቦ ጨመዳን ስም ይጥሩልኝ። በሃይማኖት ባንገናኝም ስማቸው በዚያ ቢነሳ ደስ ይለኛል። የሠርፀን ባለቤት በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ፤ የላክሽልኝ በርበሬ ደርሶኛል በያት። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሹ አሁንም አውራ ጣቱን ይጠባል? ጎረቤቶችሽን ሁሉ ሸዋገነት ሰላም ብላለች በያቸው። ጋሮማ እጅ ነስቷል። ሐሴት እታች ላይ የሣለችው በሬ ነው፤ ውሻ እንዳይመስልሽ።

ሃርሜ ምን እየጻፍሽ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ለእናቴ ነው አልሁ። እግራቸውን በትራስ ላይ አድርገው ጥቂት አሰቡና በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ሐሴት ነገረችኝ። «አንዲት የልጅ ልጅ አለችን፤ እኔና አንቺ ሳንተያይ ነው የምንሞተው? መኸር ሲገባ ነይ። ቤት ባይኖረኝም አልጋ አለኝ» ብለውሻል።

ልጅሽ ሸዋገነት
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.